ትንሽ ማስተካከያ ብቻ

ሴትየዋ የጂኦሜትሪ አስተማሪ ናት፤ በስልክ ለሚማሩ ልጆች ትንሽ የኢንተርኔት ትምህርት ቤት ልትከፍት አስባለች። ዲዛይነሯን ፈልጎ ያገኘው ግን ባልየው ነው። ጡረታ የወጣ የመሬት ቀያሽ ሲሆን ረጋ ያለ፣ ምስጋና የማያልቅበት ሰው ነው።

ባለቤቴ ጊዜ የላትም፤ ሁሉንም ከእኔ ጋር ጨርሺ አላት።

ዲዛይነሯ በወንድሟ ማተሚያ ቤት ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ትሠራለች። ማሽኑ ሲነሳ ጠረጴዛዋ አብሮ ይንቀጠቀጣል። የትምህርት ቤቱን ዓርማ፣ የመግቢያውን ገጽና የትምህርቶቹን ሽፋን በጊዜው ፋሽን ሠራች፦ ብዙ ባዶ ቦታ፣ ደብዘዝ ያለ ቀለም፣ ቀጭን ፊደል። ክብና ሦስት ማዕዘን አጋጥማ በር የሚመስል ምልክት አወጣች። ሥራዋን የመውደድ ልማድ የላትም፤ ይህን ግን ወደደችው።

ባልየውም አደነቀ። እጅሽ ይባረክ አላት። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ትንሽ ማስተካከያ ብቻ እንደቀረች ነገራት።

ያቺ ትንሽ ማስተካከያ ወለደች፤ ልጇም ወለደች። ፊደሉ ይወፍር፣ አሁን ሁሉም ወፍራም ነው የሚጠቀመው አለ። አወፈረችው። ቀለሙ ከአንዱ ወደ ሌላው እየሟሟ ይሂድ አለ። አሟሟችው። በእጅ የተሣለ ሥዕል ይግባ፣ ልጆቹ ኮምፒውተር የሣለው ሰልችቷቸዋል አለ። እርሳስ አንስታ ሣለች። ሥዕሉ ሲያልቅ ደግሞ ጥቁር መደብ ለዓይን ይስማማል የሚል ነገር አንብቦ መጣ።

ሰውየው ከእሷ የባሰ የፋሽን ተከታይ ሆነ። ሰሞኑን ምን አዲስ ነገር መጣ እያለ ይደውላል። መጀመሪያ ደስ ብሏት ትነግረው ነበር። ኋላ ግን አንድ ቃል ካመለጣት፣ እሱኑ ጨምሪልኝ እንደሚል ስለገባት አፏን መሰብሰብ ጀመረች።

አንድ ቀን ሲደውል ከጀርባው የጋሪ ጎማ ሲንቋቋና ሰው በድምፅ ማጉያ ሲጠራ ተሰማት። የገበያ አዳራሽ መሰላት። እኔ ወንበር ላይ ተሰፍቼ ስውል እሱ ዕቃ ያማርጣል ብላ በሸቀች።

"ጋሼ፣ ሥራው አልቋል" አለችው። "ከዚህ በኋላ የሚነካ ነገር የለውም።"

ሰውየው በጥድፊያ፣ "የለም፣ አላለቀም" አለ። "የምዝገባው ቁልፍ... እሱ ጠርዙ ክብ ይሁን።"

ጠርዙ ድሮም ክብ ነበር።

ሌሎች ደንበኞቿ መሸሽ ያዙ። ቋንቋ የሚያስተምሩ ሁለት እህትማማቾች ዛሬ ነገ ስትላቸው ትተዋት ሄዱ። ለወንድሟ አማረረች። እሱም ቀለም የነካ እጁን እየጠረገ ሰማትና፣ ሰውየው ሥራሽን እየቸበቸበው ነው አላት። አንቺ አዲስ አዲሱን ስትሠሪ፣ እሱ የቀደመውን ለሌላ ይሰጣል። ደግሞስ ሚስቱን በዓይንሽ አይተሻታል?

አይታት አታውቅም። ድምፅዋንም አልሰማችም።

በማግሥቱ የአንድ ኮምፒውተር ማስተማሪያ ገጽ ስትመለከት የእሷኑ የመሰለ ወፍራም ፊደልና የእሷኑ የመሰለ የሚሟሟ ቀለም አየች። እርግጥ ያን ሰሞን የማይመሳሰል ገጽ አልነበረም። የተቆጣ ሰው ግን የሚፈልገውን አያጣም። ኮምፒውተሯን አንጠልጥላ፣ እሳት ጎርሳ እሳት ለብሳ ወደ ሰውየው ቤት ሄደች።

በሩን የከፈተው እሱ ራሱ ነው። ሲያያት ፊቱ ተለዋወጠ። ባለቤቴ ተኝታለች፣ ሌላ ቀን ነይ ብሎ በሩን ሊመልስባት ሲል ከውስጥ የሴት ድምፅ ተሰማ፤ ዲዛይነሯ ከሆነች አስገባት ይላል።

አስተማሪዋ መስኮቱ ሥር ካለ አልጋ ላይ በትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች። ፀጉሯን በሻሽ ጠቅልላለች። ከስታለች፤ ዓይኖቿ ግን ንቁ ናቸው። አጠገቧ የጠመኔ ብናኝ ያለበት ትንሽ ሰሌዳ አለ።

"እንኳን መጣሽልኝ" አለቻት። "የመጀመሪያውን ሥራሽን አሳይቶኝ ወድጄው ነበር። ምን ሆነሽ ነው ደግመሽ ደጋግመሽ የምታፈርሺው? ልጅቷ አልረካሁም ትላለች፣ ታገሻት ይለኛል።"

ዲዛይነሯ ዞር ብላ ሰውየውን አየችው። ዓይኑን ሰበረ። ወንድሟ እውነቱን ነበር፤ ይህ ሰው ለካ በሁለቱም በኩል ሲዋሽ ኖሯል።

"እኔ ምንም አላፈረስኩም እትዬ" አለች። "ሥራው ካለቀ ቆይቷል።"

ሰውየው ክንዷን ያዘ። "ልጄ፣ እባክሽ፣ ትንሽ ማስተካከያ ብቻ..."

ክንዷን መነጨቀችው። ኮምፒውተሯን ከፈተች፣ የመጀመሪያውን ዲዛይን ገጹ ላይ መለሰች፣ ገጹን ለሕዝብ ክፍት አደረገችና ኮምፒውተሩን አስተማሪዋ ጭን ላይ አኖረችላት።

አስተማሪዋ ከላይ እስከ ታች ቀስ ብላ አየችው። የምዝገባውን ቁልፍ ራሷ ተጫነች፤ ሠራ። ፊቷ በራ።

"አለቀ?" ብላ ጠየቀች።

"አልቋል እትዬ።"

አስተማሪዋ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች። ዲዛይነሯን አመሰገነቻት፣ ወደ ትራሱ ዘንበል አለችና ዓይኖቿን ጨፈነች።

ሰውየው ዲዛይነሯን ተከትሎ ወደ ኮሪደሩ ወጣ። ሥራዬን ለማን ስትሸጥ ነው የከረምከው ብላ አፋጠጠችው። አልተቆጣም። ግድግዳውን ተደግፎ የመኝታ ቤቱን በር ሲያይ ቆየ።

"ሐኪሞቹ ተስፋ የቆረጡ ዕለት፣ 'ትምህርት ቤቴ አልቆ ሳላየው አልሞትም' ብላኝ ነበር" አላት።