አራት ድምፅ ለአንድ ዘፈን

ሕዝቡን ተቃቀፍ የሚሉት አራቱ ስመ ጥር ዘፋኞች አብረን አንድ ማይክ ፊት አንቆምም ስላሉ፣ ድምፅ ቀጂው በየተራ ለብቻ እያስገባ የእያንዳንዳቸውን ድምፅ በየራሱ ትራክ፣ ማለትም በተለየ የድምፅ መስመር፣ ቀዳ። «አንድ ነን» የተሰኘው ዘፈን የተሠራው እንዲህ ነው። ከሰዓት በኋላ ይመረቃል። የስቱዲዮው ባለቤት፣ ክራር ደርዳሪው አቶ ኅሩይ፣ ቀጂውን «አንዳቸው ቢያኮርፉ እንጀራህን ሌላ ቦታ ፈልግ» ብለውታል።

ከዘፋኞቹ መጀመሪያ ጋሽ ደርበው ሊሰሙ ገቡ።

«ስማ አንተ፣ ጉድጓድ ውስጥ ነው እንዴ የቀዳኸኝ? የዚያችን ጯኺ ድምፅ ቀንስና የእኔን አውጣው!»

ቀጂው የድምፅ ማደባለቂያው ሚክሰር ጥግ ላይ ያለውን የድምፅ መጨመሪያ ቀስ አድርጎ ወደ ላይ ገፋ።

«አሁን ገና ሰው ሆንኩ!» አሉና ግንባሩን ስመውት ወጡ።

ጯኺ የተባለችው ዘርፈሽዋል ተከተለች። «ወንድሜ፣ ሽማግሌው ሲተነፍሱ እንኳ ይሰማል፤ እኔ ግን የለሁም።»

መጨመሪያው እንደገና ተገፋ።

«ውይ፣ እጅህ ይባረክ! ይኸው መጣሁ።»

የቀሩት ሁለቱም የሌላውን አስቀንሰው፣ የራሳቸውን አስጨምረው፣ ደረታቸውን ነፍተው ወጡ።

አቶ ኅሩይ ተገርመው ገቡ። «አራቱንም እንዴት አድርገህ አስማማሃቸው?»

«ይሄ የባዶ ትራክ መጨመሪያ ነው» አለ ቀጂው እየነካው። «ምንም አልተቀዳበትም። ዘፈኑ ጠዋት እንደነበረው ነው።»

አቶ ኅሩይ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ከዚያ ድንገት መጨመሪያውን አፍጥጠው አዩት።

«ቆይ እስቲ፤ በእኔ አልበም ላይ ክራሬን ጨምርልኝ ስልህ የገፋኸው የቱን ነበር?»