ሲዲ ባሕር ገባች

ሲዲ ወረቀቱን ይዛ ስትመጣ ቻሮ የሆቴሉን መዋኛ ገንዳ እያጸዳ ነበር። ቻሮ በባሕር ጠረፏ ከተማ በኪሊፊ ተወልዶ ኪሊፊ ያደገ፣ እንግዶችን ዋና እያስተማረ የሚኖር ሰው ነው። ሲዲ ደግሞ የትምህርት ቤት ወጥ ሠሪ ናት። ዕድሜዋ አርባ ሰባት ነው፤ ውሃ ከጉልበቷ በላይ ደርሶባት አያውቅም።

ወረቀቱ የውድድር ምዝገባ ነበር። ከናይሮቢ የሚመጡ ሰዎች በየዓመቱ የሚወዳደሩበት፣ ለአገሬው ሰው ግን በነጻ የተፈቀደ። መጀመሪያ አራት ኪሎ ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ዋና፣ ከዚያ መቶ ሰማንያ ኪሎ ሜትር ብስክሌት፣ ከዚያ ማራቶን፤ ሁሉም በአንድ ቀን። ስሟን አስመዝግባለች። የቀራት ስምንት ወር ነው።

ቻሮ ሊስቅ ነበር፤ ፊቷን አይቶ ተወው። ባሏ ንጋላ ጓደኛው ነበር። ከአምስት ዓመት በፊት ከከተማው ሥር ባለው የባሕር ወሽመጥ አፍ ላይ፣ ውሃው ከውቅያኖሱ ጋር የሚገናኝበት ቦታ፣ ጀልባው ተገልብጦበት ሰጠመ። ቻሮ ሦስት ቀን ሙሉ ፈልጎ ሬሳውን ሳያገኝ ቀርቷል።

«እኔ የማውቀው ውሃ ነው» አላት። «በሌላው አልገባም።»

«ውሃውን አስተምረኝ። ሌላውን ለእኔ ተወው።»

ከዚያ የውድድሩ ቀን ስንት የነፍስ አድን ጀልባ እንደሚወጣ ጠየቀችው። አሥራ ሁለት አላት። እስከ ወሽመጡ አፍ ድረስ ይደርሱ እንደሆነ ጠየቀችው። ይደርሳሉ አላት። ሌላ ጥያቄ አልነበራትም።

በማግስቱ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ጀመሩ። የመጀመሪያውን ወር ጨው ውሃ ስትጠጣና ስትተፋ ከረመች። ዳር ላይ ዓሣ አጥማጆቹ መረባቸውን እየጠገኑ ይተርቧታል። አንዱ፣ ቻሮ ዛሬ የያዘው ዓሣ ከባድ ነው ሲል ሰማችው።

«አንተ መረብህን ስፋ» አለችው እየተንጠባጠበች። «እኔን የሚይዝ ገና አልሠራህም።»

በሦስተኛው ወር ወሽመጡን ወዲያና ወዲህ ማቋረጥ ቻለች። ያን ዕለት ቻሮ ደስ ብሎት በብስክሌቱ ኋላ አፈናጦ ሥራዋ አደረሳት። መንገዱን ሙሉ ዓይኗን ጨፍና ሸሚዙን ጨምድዳ ስለያዘች ብርድ ነው ብሎ አሰበ። ከዚያ ወዲህ በእግሬ ይሻለኛል አለችው።

ወሬው የባሏ ታላቅ ወንድም ካታና ዘንድ ደረሰ። ንጋላ ከሞተ ጀምሮ ከዚያ ቤት ማንም እግሩን ባሕር ውስጥ እንዳይነክር የከለከለው እሱ ነው። አንድ ጠዋት ዱላውን ይዞ ወርዶ አሸዋው ላይ ቆመ።

«አንቺ ሴት፣ ይህ ባሕር ከቤታችን አንድ ሰው ወስዷል። ሁለተኛውን ራስሽ አምጥተሽ ልትሰጪው ነው?»

ሲዲ አልወጣችም። ውሃው ወገቧ ላይ እንደደረሰ ቆማ መለሰችለት።

«ወሰደ እንጂ መቼ መለሰልን፣ ወንድም ጋሼ? አምስት ዓመት ጀርባችንን ሰጥተነው ምን አገኘን? ሬሳውን እንኳ የከለከለኝን ባሕር ደግሞ ልፍራው?»

«ከእንግዲህ ብትገቢ ግቢዬን ለቀሽ ትወጫለሽ።»

«እወጣለሁ» አለችና ዞራ መዋኘቷን ቀጠለች።

በዚያው ሳምንት ልጇን ዳማንና ድስቶቿን ይዛ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ አንዲት ክፍል ውስጥ ገባች።

ቻሮን እንቅልፍ የነሳው ግን ሰዓቱ ነበር። ዋናውን በሁለት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ያልጨረሰ ከውድድሩ ይሰናበታል። የሲዲ ሁለት ሰዓት ከሠላሳ አንድ ነው። እሱ በየቀኑ ይቆጥራል፤ እሷ አንድ ቀን እንኳ ስንት ገባሁ ብላ አልጠየቀችውም። የጠየቀችው ወደ ወሽመጡ አፍ እንዲወስዳት ነው። እምቢ አላት። እዚያ ውሃው ጎትቶ ይወስዳል፤ ጀልባ በሌለበት ሰው ይዤ አልወጣም አለ። ሦስት ቀን አኮረፈችው።

ቀኑ ደረሰ። ቻሮ ከነፍስ አድኖቹ ጋር በታንኳ ወጣ። ሁለት መቶ ሰው አንድ ላይ ሲገባ ባሕሩ ነጭ አረፋ ሆነ፤ ሲዲ ከሁሉም ኋላ ነበረች። ወሽመጡ አፍ ላይ አንድ ትልቅ ቀይ ተንሳፋፊ ኳስ ታስሯል። ሌሎቹ እሱን ዞረው ተመለሱ። ሲዲ ግን ኳሱ ጋ ስትደርስ ቀጥ አለች።

ፍርሃቱ አሁን ያዛት ብሎ ቻሮ እየቀዘፈ ቀረባት። እጇን አንስታ ከለከለችው። ፊቷን ውሃው ውስጥ ነከረች፤ አወጣች፤ ከንፈሯ «ንጋላ» እያለ ይንቀሳቀሳል። አንድ ደቂቃ፣ ሁለት፣ ሦስት። ቻሮ ሰዓቱን አየ።

«ሲዲ፣ ሰዓቱ እኮ እየሄደ ነው።»

ቀና ብላ አየችው፤ ዓይኖቿ ቀልተዋል። ከዚያ ፊቷን ወደ ዳር መለሰች። ቻሮ እንደዚያ ስትዋኝ አይቷት አያውቅም። ክንዷ ከባሕሩ ጋር የቆየ ቂም ያለው ይመስል ነበር።

ሁለት ሰዓት ከአሥራ ስምንት ደቂቃ ላይ እግሯ አሸዋ ረገጠ። የተረቧት ዓሣ አጥማጆች ማጨብጨብ ጀመሩ። ከሰዉ ኋላ የቆመው ካታና ኮፍያውን አወለቀ። ቻሮ ታንኳውን ጥሎ፣ እንባውን በክንዱ እየጠረገ፣ ቀድሟት ሮጠ። አዘጋጆቹ በቁጥሯ ያስቀመጡላትን ብስክሌት ከመደርደሪያው አውርዶ ደግፎ ያዘላት።

«ቶሎ ውጪበት፤ ደርሰሻል እኮ» አላት እያለከለከ።

ሲዲ ከዳማ እጅ ጨርቋን ተቀብላ ወገቧ ላይ አሰረች።

«ብስክሌት?» አለችው። «እኔ መንዳት የት አውቄ?»