የዓርብ ቅጽሎች

«ምላስሽን አውጪ» ይላል ቲቸር ገዛኸኝ። «አትፈሪ። በጥርስሽ መሀል ትንሽ ብቅ ይበል። ቲን።»

ከውሰር ሰሌዳው ፊት ቆማ በሻርፗ ጫፍ አፏን ትሸፍናለች። እሷ ባደገችበት ወሎ እንግዳ ፊት ምላሷን የምታወጣ ሴት አሳዳጊ የበደላት ነች። ዛሬ ግን መራጯ ራሷ እንግዳዋ ናት። ሻርፗን ታወርድና ምላሷን ታወጣለች። «አይ አም ቲን።»

«ጎበዝ። ቲን፣ ቀጭን፣ ደዒፋ» ይላል ገዛኸኝ፣ ዓረብኛውን ለእንግዳዋ ብሎ ጮክ እያደረገ። ክፍሉ ተቀብሎ ያስተጋባል፦ «ከውሰር ኢዝ ቲን።»

እንግዳዋ ሲት ረሺዳ ናት፤ ሠራተኛ ከአሠሪ የምታገናኝ ሱዳናዊት ደላላ። እንግሊዝኛ አትችልም። አርካዊት ሰፈር የገቡ ፈረንጆች ግን አፏ የተፈታ የቤት ሠራተኛ ፈልጊልን ብለዋታልና፣ ጀሪፍ ሰፈር ወዳለችው፣ እዚህ ሱዳን የሚሠሩ የቤት ሠራተኞች በዕረፍት ቀናቸው እንግሊዝኛ ወደሚማሩባት የዓርብ ክፍል መጥታ ማራገቢያው ስር ተቀምጣለች። የምትወስደው አንዲት ሴት ብቻ ነው። ለዚያችም ፓስፖርቷን ከአሠሪዋ እጅ አስለቅቃ ልትሰጣት ቃል ገብታለች።

የከውሰር ፓስፖርት ካፉሪ ሰፈር፣ የማዳሟ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበታል። ዛሬ ካልተመረጠች ማታ ተመልሳ እዚያው ወጥ ቤት ወለል ላይ ትተኛለች፤ ነገም ሻዩ ቀዘቀዘ ተብሎ በነጠላ ጫማ ፊቷን ትመታለች።

የገዛኸኝ ዘዴ የታወቀ ነው። ቅጽል ሰው ላይ ካልተለጠፈ ይረሳል ባይ ነው። አንዷን ያቆማል፤ ሌሎቹ በየተራ ይለጥፉባታል፤ እሱ በሦስት ቋንቋ ይተረጉማል፤ የቆመችውም ስለ ራሷ አጥርታ ትደግማለች። እሱ ራሱ ቆሞ ተለጥፎበት ስለማያውቅ ዘዴውን በጣም ይወደዋል።

«ኦልድ» ትላለች ሙላቷ ከፊት ወንበር። ሳቅ ይሆናል።

«ኦልድ፣ አሮጊት፣ አጁዝ።»

«አይ አም ኦልድ» ትላለች ከውሰር፣ ቃል በቃል። ረሺዳ ራሷን በአዎንታ ትነቀንቃለች። ትርጉሙ ምን አገባት፣ የምትሰማው አፍ እንደተፈታ ነው።

«ፅዮን፣ ተራሽ ነው።»

ፅዮን ስትነሳ ከውሰር እፎይ ትላለች። ፅዮን እህቷ ናት ማለት ይቻላል። ከውሰርን የሚጥል በሽታዋ አውቶቡስ መጠበቂያው ላይ የጣላት ቀን ጭንቅላቷን ታቅፋ የያዘቻት፣ የተሰበሰበውንም ሰው «ፆማ ደክሟት ነው» ብላ የበተነችው እሷ ናት። ከዚያ ወዲህ ምስጢሯን ለማንም አልተነፈሰችም። ከውሰር አሁንም ንጹሕ ትለኛለች፣ ወይም ጠንካራ፣ ብላ ትጠብቃለች።

ፅዮን ግድግዳውን እያየች «ስክ» ትላለች።

ረሺዳ አልገባትም። ከውሰር መምህሩን በዓይኗ ትለምነዋለች፤ ዛሬን ብቻ፣ ይህችን አንዷን ብቻ አትተርጉምብኝ። እሱ ግን ጠመኔውን አንስቷል።

«ግሩም፣ አዲስ ቅጽል። ስክ፣ በሽተኛ፣ ዓያና።»

«ዓያና?» ረሺዳ ቀና ትላለች። «ማላሃ?»

ምን ሆና ነው ማለቷ ነው። ፅዮን በዓረብኛ ትመልስላታለች፤ እንደሚጥላት፣ አረፋ እንደሚደፍቃት፣ ሁሉንም።

«ከውሰር፣ አልደገምሽም እኮ።»

«አይ አም ስክ።»

«ይኸውላችሁ! እንዲህ ነው የሚባለው። አጨብጭቡላት።» ያጨበጭቡላታል። ረሺዳ ጭብጨባው እስኪያልቅ እንኳ አልጠበቀችም፤ «ኸላስ፣ ዲክ» ብላ በጣቷ ፅዮንን ታሳያለች። አለቀ፣ ያችን እወስዳለሁ።

«መልካም» ይላል ገዛኸኝ፣ «ደንብ ግን ደንብ ነው። ፅዮንም ትቁም፣ ሲት ረሺዳ ትስማት።»

በወንበሮቹ መሀል ሲተላለፉ ፅዮን ክንዷን ትይዛታለች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

«ከውሰርዬ፣ በናትሽ አትቀየሚኝ። የማዳሜ ልጅ ጉድ አርጎኛል። ሦስት ወር ሞላኝ። ሆዴ ሳይገፋ ከዚያ ቤት ካልወጣሁ አለቀልኝ። ላንቺ ብቻ ነው የነገርኩሽ።»

ከውሰር ክንዷን ቀስ ብላ ታስለቅቅና ቦታዋ ሄዳ ትቀመጣለች። አንጀቷ አርሯል። ቢሰድቧት፣ ቢገፏት ይሻላት ነበር። በጭብጨባ ነው የሸኟት።

ፅዮን ላይ ደግ ደጉ ይለጠፋል። ልደት «ቶል» ትላለች፤ ሙላቷ «ቢዩቲፉል»። ለተመረጠ ማን ክፉ ይናገራል። ፅዮን በጠራ ድምፅ ትደግማለች፤ ረሺዳም ለመሄድ ቦርሳዋን ትሰበስባለች።

«የቀረሽው አንቺ ነሽ፣ ከውሰር። ለፅዮን አንድ ቅጽል።»

ከውሰር ትነሳለች። ባል የሌላት ነፍሰ ጡር በዚህ አገር ፖሊስ ጣቢያ ገብታ በጅራፍ ተገርፋ እንደምትወጣ ከክፍሉ የማያውቅ የለም። እሷም ታውቃለች። ፅዮን ሰሌዳው ፊት ሆና ራሷን በዝግታ ትወዘውዝላታለች።

«ቲቸር» ትላለች ከውሰር፣ «እርጉዝ በእንግሊዝኛ ምን ይባላል?»

ገዛኸኝ የሚጠይቅ ተማሪ ነፍሱ ነው። ማን ለማን እንዳለ እንኳ ሳያስብ ወደ ሰሌዳው ዞሮ በትልልቁ ይጽፋል።

«ፕሬግናንት፣ እርጉዝ፣ ሓሚል።» የረሺዳ እጅ ቦርሳዋ ላይ ይቆማል። «መጀመሪያ ከንፈራችሁን ግጠሙ፣ ከዚያ በትንፋሽ ልቀቁት። ሁላችሁም፣ ከእኔ በኋላ።»

ክፍሉ በአንድ ድምፅ ይደግማል። ፅዮንም እንባዋ እየወረደ፣ እንደለመደችው ከንፈሯን ትገጥምና ከሁሉም ጋር ትደግማለች።