እጇ ይቅር

በማተሚያ ቤቱ «መቀስ» ይሏታል። ፎቶ ላይ ያለን ሰው ከሰው መሃል ለይታ ስታወጣ አንዲት ፀጉር አታመልጣትም።

ሰውየው ረፋዱ ላይ ደረጃውን ወጥቶ ገባ። ሰላም ከማለቱ በፊት ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። ከኪሱ ያወጣው ፎቶ እሱንና ሚስቱን ጎን ለጎን ያሳያል፤ ሚስትየዋ ትስቃለች፣ አንድ እጇን ትከሻው ላይ ጣል አድርጋለች።

«እሷን አውጪልኝ፣ የኔ እህት። እኔ ብቻዬን ልሁን። ተለቅ ብሎ ይታተም፣ እስከ ሐሙስ።»

መቀስ ቀና ብላ አየችው። ፎቶው ላይ የሚታየው ቀለበት አሁን ጣቱ ላይ የለም። ኮቱም ከታላቅ ወንድሙ የተዋሰው ይመስል ሰፍቶታል። አዲስ ፍቅር እንዲህ ያከሳል ማለት ነው፣ አለች በልቧ። የእሷም ባል ጥሏት የሄደ ሰሞን ሸንቀጥ ብሎ፣ ቀለበቱን መሳቢያ ውስጥ ወርውሮ ነበር። ከዚያ ወዲህ ቀለበቱን ያወለቀ ባለትዳር ስታይ ደሟ ይፈላል።

ማስክ የሚሉት የኮምፒውተር ዘዴ ቀላል ነው። በአንድ ሰው ዙሪያ መስመር ይሠመራል፤ መስመሩ ውስጥ ያለው ይታያል፣ ውጭ ያለው ይደበቃል። «ገልብጥ» የሚለውን ሲነኩት ደግሞ የሚታየው ይጠፋል፣ የተደበቀው ይወጣል። መቀስ ሆን ብላ በሴትየዋ ጀመረች። ከፀጉሯ እስከ ጣቶቿ ጫፍ ነጥብ በነጥብ ከበበቻትና ስክሪኑን ወደ ሰውየው አዞረችለት። ሴትየዋ ነጭ ባዶ ላይ ብቻዋን ትስቃለች፤ እጇ አየር ላይ ቀርቷል። መቀስ ትንሽ እንዲያፍር ብላ ነው።

ሰውየው አንድ ጊዜ አየና ፊቱን ወደ መስኮቱ መለሰ።

«ገልብጪው» አላት።

ማየቱ እንኳ አስጠላው፣ አለች መቀስ በልቧ። ገለበጠችው። ሴትየዋ ጠፍታ ሰውየው ወጣ፤ ትከሻው ላይ ግን የጣቶቿ ቅርጽ ያለው ነጭ ቀዳዳ ይታያል።

«ትከሻዬ ላይ ያለው እጇ ይቅር» አለ፣ አሁንም መስኮቱን እያየ።

እሺ አለችው። አንዲት እጅ እንኳ አልራራላትም፣ ብላ ተቃጠለች። ባለቤቱ ታውቅ እንደሆነ ጠየቀችው፤ ገና አልነገርኳትም አለ። ሲደርስ እሱ መምጣት እንደማይችል፣ አንዲት ሴት እንደምትወስደው ሲነግራት ግን ልትሰድበው ምንም አልቀራት። አዲሲቱ መሆኗ ነው።

ከሄደ በኋላ ከኮቱ ጨርቅ እየቀዳች ቀዳዳውን ደፈነችው። ስፌቱን ከስፌቱ አገጣጠመች። «ካልፈለገሽ ሰው ላይ እጅሽ ቢነሣ ይሻልሻል» አለቻት ሚስትየዋን፣ አጠገቧ የተቀመጠች ይመስል። ሥራው ሲያልቅ እዚያ ትከሻ ላይ የሰው እጅ አርፎ ያውቃል የሚል አይገኝም።

ሐሙስ ከጠዋት ጀምሮ ለአዲሲቱ የምትነግራትን ስታጠናቅር ቆየች። የሰው ትዳር ላይ ስለ መግባት አንድ ሁለት ቃል አዘጋጅታለች።

ደረጃውን የወጣችው ግን ፎቶው ላይ የምትስቀዋ ሴት ነበረች፤ ከራሷ እስከ እግሯ ጥቁር ለብሳ፣ የታተመውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ትከሻውን በመዳፏ ዳሰሰችና፣ «‹እኔ ብሄድም እጅሽ ትከሻዬ ላይ ይቀራል፣ ለፎቶ ሠሪዋ ነግሬያታለሁ› ብሎኝ ነበር፤ የታለ እጄ?» አለቻት።