የቨርና ደብተር

«እዚህ ለሌለ ሰው ማኅተም አልመታም» ትላለች አረንጓዴ ሰደርያ የለበሰችው አስጎብኚ፣ ማኅተሙን በመዳፏ ከድና።

«ነበረች እኮ» ይላል አባቴ።

«መቼ?»

«የዛሬ አራት ዓመት። ኦክቶበር አሥራ ሁለት።»

ሴትዮዋ ወደ እኔ ዞራ ታየኛለች፤ ሰውየው ጤነኛ ነው ወይ ዓይነት አስተያየት። አፈጥባታለሁ። መንገድ ላይ እኔም ይህንኑ ስጠይቅ እንደመጣሁ ለሷ አልነግራትም። ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ ነድቻለሁ፤ ኦሃዮ ድረስ፣ የገዛ ሚስቱ እንኳ የምትረሳው የሚመስል የድሮ ፕሬዚዳንት ቤት፣ ዛሬ ሙዚየም። አንድ አልጋ፣ አንድ የጢም መላጫ፣ አሥር ቦታ «እባክዎ አይንኩ»።

እናቴ ቨርና ግን አንዱንም አትረሳም ነበር። ሠላሳ ዓመት የፕሬዚዳንቶችን ቤት ስትዞር፣ በደረሰችበት ሁሉ የቦታውንና የቀኑን ማኅተም ደብተሯ ላይ ስታስመታ ኖረች። የቀረችው አንዲት ገጽ ናት፤ የዚህ ቤት። ያን ቀን ከአባቴ ጋር ሲመጡ ቤቱ ለጥገና ተዘግቷል። ደረጃው ላይ ተቀምጠው የእንቁላል ሳንድዊቻቸውን በልተው ተመለሱ። «ለጸደይ እንመጣለን» አለች። ጸደዩን አላየችውም።

«እትዬ፣ እሷማ መጥታለች» እላለሁ። «በር የዘጋችሁት እናንተ።»

«ልጄ፣ የውሸት ቀን አልመታም። የዛሬን ከፈለጋችሁ ይኸው።»

«ዛሬማ የለችም» ይላል አባቴ ቀስ ብሎ።

«ምን ፈርተሽ ነው? ፕሬዚዳንቱ ከመቃብር ተነስቶ ይከሰኛል ብለሽ ነው?» እላታለሁ።

«ኦፓል! አፍሽን ሰብስቢ!» ይለኛል አባቴ።

እሰበስባለሁ። ለእሱ ስል።

ሴትዮዋ ሰዓቷን ታያለች። ሊዘጋ አምስት ደቂቃ ቀርቶታል። አባቴን ታያለች፤ የደብተሩን የተላላጠ ሽፋን ታያለች። ከዚያ ማኅተሙን ወደ እኔ ትገፋዋለች።

«ፎቅ ወጥቼ መብራት ላጥፋ። ያላየሁትን አላየሁም።»

ማኅተሙን እገለብጠዋለሁ። ቁጥሮቹ ያሉት በሚሽከረከሩ ቀጫጭን ጎማዎች ላይ ነው። ወሩን በጥፍሬ አዞራለሁ፤ እሺ ይላል። ቀኑንም። ዓመቱን ከዘንድሮ አንድ ወደኋላ ስመልሰው ምንም ያልተጻፈበት ልሙጥ ጎማ ይመጣል። በዚያው አቅጣጫ አንድ ስጨምር፣ ገና አሥር ዓመት የሚቀረው ዓመት። እንደገና አዞራለሁ። ዞሮ ዞሮ ያው ነው። ማኅተሙ አዲስ ነው፤ ከዘንድሮ በፊት ዓለም አልነበረችም።

«የለም እንዴ?»

«የለም፣ አባዬ።»

ግድግዳው ላይ ብፈጠፍጠው ደስ ባለኝ። ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ! ሴትዮዋን ለመርታት የሳልኩት ምላስ ሁሉ ለአንዲት ቁራጭ ጎማ አይረባም።

አባቴ ግን ደብተሩን አይዘጋም። ጣቱን ባዶዋ ገጽ ላይ አድርጎ ይጠብቃል። ከላይ የደረጃው ሳንቃ ሲጥ ሲጥ ይላል፤ ሴትዮዋ እየወረደች ነው።

ዓመቱን ወደ ልሙጡ ጎማ እመልሰዋለሁ። ተጭኜ እመታለሁ።

ኦክቶበር 12። ከዚያ ባዶ።

አባቴ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፍቶ ያጎነብሳል። ብዙ ያየዋል። ከዚያ እናቴ ታደርግ እንደነበረው፣ ቀለሙ እንዳይዝረከረክ፣ ቀስ አድርጎ እፍ ይልበታል።