ባቢሌ ማን አለሽ?

ወደ ባቢሌ የሚሄደው ሚኒባስ ጅግጅጋ መናኸሪያ ውስጥ ሰው እስኪሞላ ቆሞ ነበር። ትርሲት መስኮቱ ጋ ተቀምጣ ሌላ ከተማ ካሉት እናቷ ጋር በስልክ ታወራለች። የሰው ባል መሆኑን እያወቀች አብራው የኖረችውን ሙሉአለምን ትታ ንስሐ መግባቷን ስትነግራቸው እናቷ፣ "እግዚአብሔር ይቀበልሽ" አሉ። "ግን እዚህ አትምጪ ልጄ። አባትሽ ደጄን እንዳትረግጥ ብሏል።"

ስልኩን እንደዘጋች ሙሉአለም እየሮጠ መጥቶ መስኮቱ ሥር ቆመ።

"ውረጂ። ቤትሽ እዚህ ነው። ምን ጎደለብሽ?"

"እኔ ምንም አልጎደለብኝም። የጎደለባት ሚስትህ ናት።"

የቤቱን ቁልፍ በመስኮቱ ስታቀብለው ከነጣቶቿ ያዘው። ንስሐ ከገባች ወዲህ ፍቅሩ የሚለቃት መስሏት ነበር፤ አለቀቃትም። እንደምንም እጇን ሳበች።

አጠገቧ የተቀመጡት ሶማሌ እናት ሁሉን አይተዋል። "ልጄ፣ ባቢሌ ማን አለሽ?" አሏት።

"ማንም የለኝም።"

"ታዲያ ምን ልትሆኚ ትሄጃለሽ?"

የንስሐ አባቷ፣ "እግዚአብሔር ካለሽ ሁሉ አለሽ" ብለዋት ነበር። ይህንኑ ልትመልስላቸው አሰበች፤ አፏ ግን እምቢ አላት። ሾፌሩ ሞተሩን አስነሳ። ሙሉአለም ዞሮ መጥቶ፣ ገና ያልተዘጋው በር ላይ ቆሞ እጁን ዘረጋላት። ትርሲት የፊት ለፊቷን ወንበር ብረት በሁለት እጇ ጨበጠች።

"እባካችሁ" አለች፣ ወደ እሱ ሳታይ፣ "በሩን ዝጉልኝ።"