የካሣነሽ ድህነት

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጭቃ ሹሙ አቶ ጌጡ ከደጀ ሰላሙ ቆመው ለፈፉ። ሰውና ቤት የሚቆጥር ሰው ሰሞኑን ከንፋስ መውጫ ይመጣል፤ ማንም እንዳይዋሸው፤ ለግብር አይደለም።

«ለግብር አይደለም» ባይሉ ኖሮ ምናልባት የሚያምን ሰው ይገኝ ነበር። የስማዳ ሰው ይህን ሲሰማ የሰንበት ጠላውን እንኳ ሳይጨርስ ከብቱን ወደ ገደል ሥር ሲነዳ ዋለ።

ወይዘሮ ካሣነሽ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ሟች ጥሎላት የሄደው ሁለት በሬ፣ አንዲት ጊደርና አንዲት ልጅ ነው። ከብቶቹ የልጅቱ የወለላ መዳሪያ ናቸው፤ ካሣነሽ ራሷ እየተራበች እንኳ አልሸጠቻቸውም። ወለላ ሃያን አልፋለች። እኩዮቿ ሁሉ ልጅ አዝለዋል። መልክ አላት፣ ሙያ አላት፣ መዳሪያ አላት፤ የጎደላት ሽማግሌ ልኮ የሚጠይቃት ሰው ብቻ ነው። መንግሥት ከብቱን በግብር ከወሰደባት ደግሞ እሱም አይመጣም።

«ልጄን ቆማ እንድትቀር የሚያደርግ ቆጣሪ ገና አልተወለደም» አለች ካሣነሽ።

ከብቶቹ ገደል ሥር ወረዱ። ገብሱ ጉድጓድ ገባ፤ የጉድጓዱም አፍ በእበት ተለቀለቀ። የቀረችው ወለላ ነበረች።

«አንቺ ከዛሬ ጀምሮ አንካሳ ነሽ።»

«ምን ሆኜ?»

«ጤነኛ ሰው ሁሉ ይገብራል እየተባለ ነው። ጎረቤታችን ሙሉነሽ ባሏን አሳውራው አድራለች፤ አንቺ ማነከስ ያቅትሻል?»

ማክሰኞ ረፋድ ላይ ነጭ ጋቢ የለበሰ ጎልማሳ በቅሎውን ከግራሩ አስሮ ደጃፉ ላይ ቆመ።

«እንደምን አረፈዳችሁ! መንገደኛ ነኝ፤ ውሃ ቢያጠጡኝ።»

ካሣነሽ በልቧ ሳቀች። ቆጣሪ ነኝ አይል መቼም!

«ቤት የእግዜር ነው ጌታዬ፣ ይግቡ። ወለላ! ለእንግዳው ውሃ!»

ወለላ ቅሉን ይዛ በቀኝ እግሯ እያነከሰች መጣች፤ በግራዋ እያነከሰች ተመለሰች። ሰውዬው እስክትሰወር ድረስ በዐይኑ ተከተላት።

«ልጅዎ ናት?»

«ልጅ ከተባለች።»

«ዕድሜዋስ?»

«ሕፃን ናት ጌታዬ፤ ቁመቷን አይዩ። ያደገችው ወደ ላይ ብቻ ነው፤ ልቧ ገና ጡት አልጣለም።»

«ሙያስ?»

«እሳት ዳር ከተቀመጠች ወይ ወጡ ያርራል፣ ወይ ቀሚሷ ይቃጠላል።»

ከጓዳ የእንስራ መጋጨት ተሰማ። ወለላ እየሰማች ነበር።

ሰውዬው ውሃውን ፉት አለ። «በዘራችሁስ የሚታወቅ በሽታ የለም?»

«ምን የሌለ አለ! አባቷ በሳል ሄደ፣ አያቷ በሆድ፤ እኔም ዛሬ ነገ እያልኩ ነው።»

«የእርስዎ አባት ወገን ከወዴት ነው? አያትዎስ ማን ይባላሉ?»

ካሣነሽ ደነገጠች። መንግሥት የሞተውንም ሊያስገብር ነው እንዴ?

«ርስት የለንም ጌታዬ። ከየት እንደመጣን የሚያውቅም የለም። አያቴን መንገድ ላይ ወድቀው ነው ያገኟቸው ይባላል።»

አያቷ ግማሹን ቁልቁለት በርስት የያዙ መሪጌታ ነበሩ። ነፍሳቸው ይቅር ትበላት።

ሰውዬው አንድም ነገር አይጽፍም። ራሱን ብቻ ይነቀንቃል። ከቤተ ልሔም ድጓ ቤት ተምሮ ሁሉን በቃሉ የሚይዝ ይሆናል ብላ ካሣነሽ ይበልጥ ፈራችው። ሲነሣ ጎተራውን በዘንጉ መታ መታ አደረገው። ባዶ መሆኑን ጎተራው ራሱ ተናገረ።

«ከብትስ?»

«አንዲት ዶሮ ነበረችን፤ እሷንም ሸለመጥማጥ ወሰዳት።»

«ያሳዝናል» አለ ሰውዬው፤ ከልቡም ያዘነ ይመስል ነበር። «እኛ የሰማነውማ ሌላ ነበር።»

«ጠላት ምን የማያወራው አለ ጌታዬ!»

በቅሎዋ ኮረብታውን እስክታልፍ ድረስ ካሣነሽ ጎንበስ ብላ ስትስል ቆየች። ከዚያ ቀና አለች፤ እልል ልትል ምንም አልቀራት።

ወለላ ከጓዳ አኩርፋ ወጣች። «እንዲህ አድርገሽ ታዋርጂኝ እማ? ሰውዬው ደግ ይመስል ነበር።»

«ደግ ቢሆን ቆጣሪ ይሆን ነበር? ዝም በይ አንቺ። ዛሬ መዳሪያሽን ነው ያተረፍኩልሽ።»

ከሰዓት በኋላ ሰውዬው ወገዳ ሲደርስ ባለጸጋው ግራዝማች ዳኛቸው ከደጃቸው ቆመው ይጠብቁት ነበር፤ ከበቅሎው ሳይወርድም፣ «በል እንጂ ሞላልኝ፣ ሽማግሌዎቹን እንላክ ወይስ ለልጄ ሌላ ቤት እንፈልግ?» አሉት።